«ያላመጣችሁ ቁሙ»፦ ጎንደር ውስጥ ከችግረኛ ተማሪዎች ጋር ስንሠራ የተማርነው

ይህን የምንጽፈው ጎንደር ከተማ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለሚያስተምሩ፣ የክፍል ኃላፊ ለሆኑ፣ በምክር አገልግሎት ለሚሠሩና የዘመድ ልጅ አስጠግተው ለሚያስተምሩ ሰዎች ነው። እኛም በዚሁ ሥራ ላይ ያለን ነን። የሚሠራውን፣ የማይሠራውንና የሚበላሽበትን ምክንያት ብቻ እናስቀምጣለን።

ችግረኛ ተማሪ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ደብተር መግዣ ያጣ ልጅ ነው። ነገሩ ግን ሰፋ ይላል። ከደንቢያ፣ ከወገራ፣ ከጭልጋ ወይም ከላይ አርማጭሆ መጥቶ፣ ከሁለት ሦስት የአገሩ ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚማር አለ። እንጀራው፣ ሽሮውና ድርቆሹ በገበያ ቀን ከቤት ይላክለታል፤ ሳምንቱ ሳያልቅ ስንቁ ያልቃል። ሰው ቤት እየሠራች ማታ የምትማር አለች። በሰሜኑ ጦርነት፣ ከዚያም ከነሐሴ 2015 ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ትምህርቱ ተቋርጦበት፣ አሁን ከታናናሾቹ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጠ የ20 ዓመት ልጅ አለ። መተማ ሰሊጥ ሲያጭድ ቆይቶ ትምህርት ከተጀመረ በኋላ የሚመጣ አለ። የሸክላ ሠሪ ወይም የቀጥቃጭ ልጅ በመሆኑ ብቻ «ቡዳ» ተብሎ ማንም አብሮት የማይቀመጥ አለ፤ የዚህኛው ጉዳይ ከገንዘብ ጋር ጨርሶ ላይገናኝ ይችላል።

ሁሉንም የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር ግን አለ። ማጣቱን አብዛኞቹ ለምደውታል። የሚያንቀጠቅጣቸው ማጣታቸው ሰው ፊት የሚወጣበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ልጁን «አይዞህ» ከማለት ሳይሆን፣ ትምህርት ቤቱ ራሱ ልጁን የሚያሸማቅቅባቸውን ሰዓቶች ለይቶ ከማስቀረት ነው።

መምህሩ ይገባና «መጽሐፍ ያልያዛችሁ ቁሙ» ይላል። አምስት ስድስት ልጅ ይቆማል። አንዱ «ረስቼው ነው» ይላል፤ መጽሐፉን ከሁለት አብሮ አዳሪዎቹ ጋር በፈረቃ እንደሚጠቀም መናገር ሞቱ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ያው ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ሆዱን ያመዋል፤ ሽንት ቤት ብሎ ይወጣና ሳይመለስ ይቀራል። ባለመግባቱ ለጊዜው ቀለል ይለዋል፤ ክፉው ነገርም ይኸው ቅለት ነው፤ መቅረትን ያስለምደዋል። የቀረበት ትምህርት ደግሞ በዚያው ይጠራቀማል፤ ሲመለስ የመጀመሪያው ፍርሃት ላይ አለመግባት ተጨምሮበት ነው። በዚህ መንገድ በጥቅምት ሆድ ቁርጠት የነበረው በጥር የትምህርት ማቋረጥ ይሆናል።

ለዚህ የምናደርገው ቀላል ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የክፍል ኃላፊው ለሁሉም ተማሪ፣ ሀብታም ደሃ ሳይል፣ አንድ አንድ ቁራጭ ወረቀት ያድላል። ጥያቄዎቹ ስድስት ናቸው፦ ከማን ጋር ትኖራለህ? ጠዋት ምን በልተህ ትመጣለህ? መጽሐፍ ለብቻህ አለህ ወይስ ትጋራለህ? ቴሌግራም ያለው ስልክ አለህ? ማታ የምታጠናበት መብራት አለ? ከትምህርት ውጪ ስንት ሰዓት ትሠራለህ? ወረቀቱ ታጥፎ ይሰበሰባል፤ የሚያነበው ኃላፊው ብቻ ነው። ወረቀቱ ለተመረጡ ልጆች ብቻ ከተሰጠ ነገሩ ያን ቀን አበቃለት። በክፍል አለቃ በኩል ማሰባሰብም እንደዚያው ነው።

ከወረቀቱ በኋላ የሚስተካከሉ ነገሮች አሉ። የቡድን ሥራ በኮምፒዩተር ተጽፎና ታትሞ ይምጣ ከተባለ በየራሱ ገንዘብ ማዋጣት አለ፤ በእጅ ጽሑፍ መቀበል ይህን ያስቀራል። ማስታወሻ በቴሌግራም ብቻ የሚላክ ከሆነ አንድ ኮፒ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። የስፖርት ክፍለ ጊዜ ላይ ኮንጎ ጫማ ያደረገውን ልጅ «ስኒከርህስ?» ብሎ ሰው መሐል መጠየቅ ምን ይጠቅማል? የሴት ልጆች የንጽሕና መጠበቂያ በአንዲት ሴት መምህር እጅ ይሁንና ቁልፉ ያለበትን ሁሉም ሴት ተማሪ ይወቅ፤ «ማን ያስፈልጋታል?» የሚል ዝርዝር አይያዝ። ልመናን የሚያስታውስ አሠራር ሁሉ ልጅቷን ከማስመጣት ይልቅ ያስቀራታል።

እርዳታ አሰጣጡ ላይ ጠንከር ብለን እንናገር። ደብተርና ዩኒፎርም ሰልፍ ላይ፣ በማይክራፎን ስም እየተጠራ፣ ፎቶ እየተነሡ ማደል ይቁም። ሰጪው ማስረጃ ከፈለገ የተፈረመበት ዝርዝርና ደረሰኝ ይበቃዋል። የልጁን ፊት ማየት የሚፈልግ ለጋሽ ቢቀር ይሻላል። ዕቃው ከትምህርት ሰዓት ውጪ፣ ወይም ወላጅ ለሌላ ጉዳይ በመጣበት ቀን በወላጅ እጅ ይሰጥ።

ጎንደር ላይ ደግሞ ጥምቀት አለ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» በሚባልበት አገር፣ ጥር 11 ሲቃረብ ልብስ የሌላት ልጅ ምን እንደሚሰማት መገመት አያቅትም። በዚያ ሰሞን መቅረት ይበዛል፤ የመንፈቅ ፈተናውም እሩቅ አይደለም። ከበዓሉ በኋላ ባሉት ቀናት ክፍል ውስጥ «ጥምቀትን እንዴት አሳለፋችሁ? ምን ለበሳችሁ?» የሚለውን የእንግሊዝኛ ንግግር መለማመጃ ቀይሩት። ጥሩ ልብ ያለው መምህርም ሳያስበው ይህን ያደርጋል።

አሁን ወደ በራስ መተማመን እንምጣ። ለራሱ ዝቅተኛ ግምት ላለው ልጅ «አንተ ጎበዝ ነህ፣ ትችላለህ» ማለት ብዙ ጊዜ ባዶ ይቀራል፤ አንዳንዱንም ያባብሰዋል። ልጁ ውጤቱን ያውቀዋል። ምስጋናው ከሚያውቀው ጋር ካልገጠመ «አዝኖልኝ ነው» ይላል። የሚይዘው በእጁ የሚያየው ማስረጃ ነው።

ማስረጃውን ለማምጣት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። የ10ኛ ክፍል ሒሳብ የማይገባው ልጅ ብዙውን ጊዜ የተሰናከለው 7ኛ ወይም 8ኛ ክፍል ላይ፣ ክፍልፋይ ወይም ኔጌቲቭ ቁጥር ላይ ነው። አንድ ርዕስ ብቻ ይመረጥ፤ በሳምንት ሦስት ቀን 20 ደቂቃ ይሠራ፤ በየቀኑ አሥር ጥያቄ። ጥያቄዎቹ ሰባት ስምንቱን የሚያገኝባቸው ይሁኑ። አሥሩንም ካገኘ ቀላል ናቸው፣ ሦስት ብቻ ካገኘ ከብደዋል፤ ሁለቱም አይጠቅሙትም። ውጤቱን በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ከነቀኑ ራሱ ይጻፍ። ከአራት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያውን ቀን ጥያቄ መልሶ ይሥራና ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጥ። መምህሩ የሚናገረውም አጭር ይሁን፦ «ባለፈው ወር ምልክት ስታዞር ትሳሳት ነበር፤ ዛሬ አልተሳሳትክም።» ሥራውን መጥቀስ እንጂ ልጁን ማሞገስ አያስፈልግም።

ይህ የሚበላሸው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ ማጠናከሪያው «የደካሞች ክፍል» የሚል ስም ሲወጣለት፤ ስለዚህ ጎበዞችም የሚገቡበት ሰዓት ተደርጎ ይዘጋጅ፤ ችግረኛው ልጅም በሚችለው ነገር ሌላውን የሚያስረዳበት ቀን ይኑረው። ሁለተኛ ሰዓቱ ከልጁ ኑሮ ጋር ሲጋጭ። ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ቅዳሜ ጠዋት አትመጣም፤ ካልመጣች ደግሞ «ግድ የላትም» ይባላል። ከአሠሪዋ ጋር በትሕትና ተነጋግሮ በሳምንት አንድ ሰዓት ማስፈቀድ ብዙ ጊዜ ይቻላል፤ ጥያቄው ከትምህርት ቤቱ በደብዳቤ ሲመጣ ደግሞ ይቀላል።

ክፍል ውስጥ መናገር የሚፈራ ልጅ በአንድ ጊዜ ሰሌዳ ላይ አይወጣም። እኛ የምንከተለው ደረጃ አለ። መጀመሪያ መልሱን ደብተሩ ላይ ጽፎ መምህሩ ሲያልፍ ያሳያል። ቀጥሎ አጠገቡ ላለው ልጅ ድምፅ አውጥቶ ያነባል። ከዚያ ለአራት ልጆች ቡድን ያስረዳል። አራተኛው ከመቀመጫው ሆኖ በአንድ ቃል ወይም በአንድ ቁጥር መመለስ ነው፤ ጥያቄውን ከአንድ ቀን በፊት ለብቻው እንነግረዋለን። አምስተኛው ሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ስድስተኛው ሰሌዳ። በየደረጃው ፍርሃቱን ከ0 እስከ 10 ይስጠው፤ ቁጥሩ ወደ ግማሽ እስኪወርድ እዚያው ደረጃ ላይ ይደጋግም። አንዱ በሳምንት ያልፋል፣ ሌላው ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል። ዋናው ነገር ፍርሃቱ ጫፍ ላይ ሳለ አቋርጦ አለመቀመጡ ነው፤ አቋርጦ ከተቀመጠ ሰውነቱ የሚማረው መሸሽ እንደሚያድን ነው። «ይልመደው» ብሎ በድንገት ስሙን መጥራት የወር ሥራ ያፈርሳል። አንዲት ቃል ስለመለሰ ክፍሉን ማስጨብጨብም እንደዚያው ነው፤ ጭብጨባው ራሱ ያሸማቅቀዋል።

አንድ ጥንቃቄ እዚህ ላይ። በጨዋ ቤት ያደገ የገጠር ልጅ መምህሩን ዓይን ለዓይን አያይም፣ ቀስ ብሎ ይናገራል፣ ራሱን አያመሰግንም። ይህ አስተዳደግ ነው፤ በሽታ አይደለም። መለየት የሚቻለው ከእኩዮቹ ጋር ሲሆን ነው፤ ሜዳ ላይ የሚሥቅ፣ የሚከራከር ከሆነ ችግር የለበትም። እዚያም ከተገለለ ግን እንከታተለዋለን። ወንዶቹ ላይ ደግሞ መሸማቀቁ በዝምታ ብቻ አይወጣም፤ በጠብ፣ በፌዝ፣ ፑል ቤት በመዋል ይመጣል። «ረባሽ» የሚባሉት ውስጥ ጮክ ብሎ ማንበብ የሚፈራ ብዙ አለ፤ ተባርሮ መውጣት ከማንበብ ይሻለዋል።

ልጁ ለራሱ የሚሰጠውን ግምት የሚለካው፣ የሮዘንበርግ መለኪያ የሚባለው መጠይቅ አንዳንድ ትምህርት ቤት ይሞላል። አሥር ዓረፍተ ነገር ነው፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3፣ ድምሩ 30፤ ብዙውን ጊዜ ከ15 በታች ዝቅተኛ ተብሎ ይወሰዳል። አምስቱ ዓረፍተ ነገሮች አሉታዊ ስለሆኑ ነጥባቸው ይገለበጣል፤ ይህ ሲረሳ ድምሩ ትርጉም ያጣል፤ በተደጋጋሚ የሚታይ ስሕተት ነው። ሦስት ልጅ በተጣበበበት ዴስክ ላይ ማስሞላትም ዋጋ የለውም፤ ጎረቤቱ እያየው «ዋጋ የለኝም» ላይ የሚያከብብ የለም። የልጁ ነጥብ መነጋገሪያ መክፈቻ ነው እንጂ መዝገብ ላይ የሚጻፍ ስም አይደለም።

ጭንቀት በሰውነት ይናገራል፦ ልብ ይመታል፣ እጅ ያልባል፣ ሆድ ይገለባበጣል፣ ትንፋሽ ያጥራል። ወደ ምክር ከመግባታችን በፊት ግን የምንጠይቀው «ቁርስ በልተሃል?» የሚለውን ነው። በባዶ ሆድ ከማራኪ ወይም ከአዘዞ በእግሩ የመጣ ልጅ አራተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ የሚንቀጠቀጠው በረሃብ ሊሆን ይችላል። የደም ማነስ ልብ ያስመታል። ከቆላ የተመለሰ ልጅ ወባ ይታይ። አንገቱ ላይ እንቅርት ያለበት፣ ከሲታ፣ ላብ የሚያጠምቀውና እጁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ጤና ጣቢያ ይላክ፤ የእንቅርት ዕጢ ከመጠን በላይ ሲሠራ ልክ እንደ ጭንቀት ይመስላል። ለፈተና ሲባል ሌሊቱን በቡናና በጫት የሚያድር ልጅም በማግሥቱ ልቡ ቢመታ አይገርምም። በዚህ ዕድሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋል።

እነዚህ ከሌሉ ትንፋሽ እናስተምራለን። በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠሩ ማስገባት፣ እስከ 6 እየቆጠሩ ቀስ ብሎ ማውጣት፣ ለ5 ደቂቃ። እጁን ሆዱ ላይ ያድርግ፤ ከፍ ዝቅ የሚለው ሆዱ ይሁን እንጂ ትከሻው አይሁን። የማውጣቱ መርዘም ነው ልብን የሚያበርደው። ብዙ ሰው «በጥልቅ ተንፍስ» ይላል፤ ልጁ በኃይል እየሳበ ይነፍሳል፤ ያኔ ራሱ ይዞራል፣ ጣቱ ይደነዝዛል፣ ይበልጥ ይደነግጣል። ልምምዱ በቀን ሁለቴ፣ ከፈተና ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ፣ ሰላም በሆነ ሰዓት ይጀመር። ለመጀመሪያ ጊዜ በድንጋጤ መሐል የተሰጠ ልምምድ አይሠራም።

አንዲት ልጅ ክፍል ውስጥ ስትወድቅ ሌሎች ሁለት ሦስት ተከትለው የሚወድቁበት ጊዜ አለ። ወዲያው «ዛር ነው»፣ «ቡዳ በላት» ይባላል፤ የሚጠረጠረውም ያው የፈረደበት የሸክላ ሠሪ ልጅ ነው። ሰው መክበቡን አስቁሙ፣ ልጅቷን አየር ወዳለበት ክፍል ውሰዱ፣ በጎኗ አስተኟት፣ ከአንዲት መምህር ጋር ብቻ ትሁን። ሌሎቹ ወደ ሥራቸው ይመለሱ፤ ጩኸትና ተመልካች ሲጠፋ ተከትለው የሚወድቁት ይቀንሳሉ። ከተንዘፈዘፈች፣ ምላሷን ከነከሰች ወይም ሽንቷ ካመለጣት ግን የሚጥል በሽታ ሊሆን ስለሚችል ሕክምና ትሂድ። ክብሪት ማሽተት የለም። «ቡዳው እገሌ ነው» ብሎ ስም የጠራውን ተማሪ ርዕሰ መምህሩ በዚያው ቀን ያናግረው፤ ለነገ ከዋለ ወሬው ሰፈር ደርሷል።

ልጁን ለብቻ ስታነጋግሩ ቢሮ ጠርታችሁ ፊት ለፊት አታስቀምጡት፤ ቢሮ መጠራት ለልጁ ጥፋተኛ መባል ነው። ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን እየሄዱ መነጋገር ይቀላል። «ምን ሆነህ ነው?» ከማለት «ሰሞኑን ከሰዓት በኋላ ስትቀር አየሁ፤ ምን ከበደህ?» ይሻላል። «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ቃል አትግቡ፤ «ሕይወትህን የሚነካ ነገር ካልሆነ በስተቀር እኔው ጋ ይቀራል» በሉ። ተስፋ መቁረጥ የሰማችሁ እንደሆነ በግልጽ ጠይቁ፦ «መሞት ይሻለኛል የሚል ሐሳብ መጥቶብህ ያውቃል?» መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ እንዲያውም ብዙው ልጅ ይተነፍሳል። «አዎ» ካለ ብቻውን አይተው፤ አብረውት የሚኖሩት ይነገራቸው፣ የእህልና የተባይ መድኃኒት ከክፍሉ ይውጣ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂድ።

ይህን ያህል ያልከፋ፣ ግን እንቅልፍ ማጣቱ፣ አለመብላቱ፣ ማልቀሱ ወይም መቅረቱ ሁለት ሳምንት ካለፈውም ሕክምና ይታይ። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ሪፈር ተጽፎ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል። ቤተሰቡ የጤና መድን ካለው ደብተሩን ይያዝ፤ ያለ ሪፈር ከተኬደ ከኪስ መክፈል ይመጣል።

አባት ከገጠር ሲጠሩ ልጄ ምን አጠፋ ብለው በትር ይዘው ነው የሚመጡት። የመጀመሪያው ቃል «አባቴ፣ ልጅዎ ጥፋት አጥፍቶ አይደለም የጠራንዎት» ይሁን። «ጭንቀት» ከተባለ «እብደት» ብለው ሊሰሙ ይችላሉ፤ እንቅልፍ እንዳጣ፣ ምግብ እንደቀነሰ፣ ትምህርት እንዳቃተው በሚታየው ነገር ንገሯቸው። ጠበል እንውሰደው ካሉ አትከራከሩ፤ ጠበሉም ይቀጥል፣ መድኃኒቱም አይቋረጥ፣ ልጁም አይራብ አይታሰር ብላችሁ ተስማሙ። ለድብርትና ለጭንቀት የሚታዘዙ ብዙ መድኃኒቶች ለውጣቸው የሚታየው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ ነው፤ ይህን ያልተነገራቸው ቤተሰቦች በሳምንቱ «አልሠራም» ብለው ያስጥሉታል።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ለብቻው ይነሣ። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ እንደነበሩ ተማሪው ሁሉ በቃሉ ያውቃል። ቁጥሩን እየደጋገሙ ማስፈራራት የሚያጠናውን አይጨምርም። ፈተናው ከ2014ቱ ተፈታኞች ጀምሮ በአብዛኛው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ እያደሩ የሚሰጥ ነው፤ ስልክ አይገባም። ከቤት ውጪ አድሮ ለማያውቅ ልጅ የመጀመሪያው ሌሊት ራሱ ፈተና ነው። ከመግባቱ በፊት አብሮት የሚያድር የክፍሉን ልጅ እንዲያውቅ አድርጉ፤ ለቤተሰቡም እስኪወጣ እንደማይደውል ይንገር። በኮምፒዩተር የሚፈተን ከሆነና ማውዝ ነክቶ የማያውቅ ከሆነ፣ በአይሲቲ ክፍል ሁለት ሦስት ሰዓት ማለማመድ ከብዙ ምክር ይበልጣል። በወረቀት ከሆነ በየ10 ጥያቄው የጥያቄ ቁጥሩና የመልስ ወረቀቱ ቁጥር መግጠሙን ይይ፤ አንድ መስመር መዝለል ቀሪውን ሁሉ ያጠፋል። ጭንቅላቱ ባዶ ሲሆንበት እርሳሱን ያስቀምጥ፣ ሦስት ጊዜ ትንፋሹን ቀስ ብሎ ያውጣ፣ ያንን ጥያቄ አልፎ ወደሚያውቀው ይሂድ።

ውጤት ሲለቀቅ ስልክ የሌለው ልጅ የመፈተኛ ቁጥሩን ሰጥቶ ሌላ ሰው ያይለታል፤ ከእሱ በፊት ሰፈሩ ይሰማል። በዚያ ቀን አንድ መምህር ስልኩን ይዞ ቢሮ ይቀመጥና ልጆቹ አንድ በአንድ ገብተው ራሳቸው ይዩ። ለወደቀው ወዲያው ምክር አይሰጥ፤ ውኃ ይጠጣ፣ ይቀመጥ፣ ከማን ጋር ወደ ቤት እንደሚሄድ ይጠየቅ። በግል ተፈታኝነት መመለስን፣ ቴክኒክና ሙያን፣ ነጥቡ ከደረሰ ሬሜዲያልን (50 በመቶ ላላመጡ የሚሰጠውን የዩኒቨርሲቲ ማካካሻ ትምህርት) የሚመለከተው ወሬ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ፣ ቢቻል ወላጁ ባለበት ይነሣ፤ የምዝገባውን ቀንና የሚያስፈልገውን ወረቀት ግን መምህሩ አስቀድሞ ጽፎ ይያዝለት።